በስልክ ውስጥ የሚኖረው ቤተሰብ፦ የዳንኤል ሚለር ጥናቶች ከሰዓት ቆጠራ ባሻገር ምን ያሳያሉ?

አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው የሚከለክለውን ሕግ በኖቬምበር 2024 አጽድቃ ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉን ያላከበረ ኩባንያ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክ፣ ስናፕቻትና ዩቲዩብ ክልከላው ውስጥ ገብተዋል። ዋትስአፕ ግን አልገባም፤ መልእክት መለዋወጫ ነው ተብሎ ታልፏል። በክርክሩ ሁሉ መሀል ይህች ነጥብ ብዙም አልተነሳችም። ለእኔ ግን ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ ተራርቆ የሚኖር ቤተሰብ የሚገናኘው፣ የሚኳረፈውና የሚታረቀው በአብዛኛው እዚያው መልእክት መለዋወጫ ውስጥ ነው።

ክርክሩ ለዓመታት የሚሽከረከረው በቁጥር ዙሪያ ነው። ልጁ በቀን ስንት ሰዓት ስልክ ላይ ያፈጣል? በስንት ዓመቱ ይፈቀድለት? ጉዳቱስ ስንት በመቶ ነው? በ2019 ተመራማሪዎቹ ኤሚ ኦርበን እና አንድሩ ፕርዚቢልስኪ የ355,358 ታዳጊዎችን መረጃ መርምረው፣ በታዳጊዎቹ ደኅንነት መካከል ከሚታየው ልዩነት ውስጥ የዲጂታል ቴክኖሎጂ አጠቃቀም የሚያብራራው ቢበዛ 0.4 በመቶውን ብቻ እንደሆነ አሳተሙ። እንደ ጆናታን ሃይት ያሉ ምሁራን ደግሞ የስክሪን አጠቃቀምን ሁሉ በአንድ ላይ መደመር በተለይ በልጃገረዶች ላይ የሚደርሰውን የማኅበራዊ ሚዲያ ጉዳት ይሸፍነዋል ብለው ይሞግታሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚሰማ ነገር አላቸው። ሆኖም አንዲት ልጅ ሁለት ሰዓት ስልኳ ላይ ቆየች ሲባል፣ ሰዓቱን ከአያቷ ጋር ስትጫወት ትሁን ወይም የማታውቃቸውን ልጆች ፎቶ እያየች በራሷ መልክ ስታዝን፣ ቁጥሩ አይነግረንም። ከማን ጋር፣ ስለ ምን፣ በየትኛው መንገድ፣ ማን እያየ የሚሉት ጥያቄዎች ሰዓት ሲቆጠር ከመቁጠሪያው ውጭ ይቀራሉ።

የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደኑ የአንትሮፖሎጂ ፕሮፌሰር ዳንኤል ሚለር ለረጅም ዓመታት የሠሩት በእነዚሁ ጥያቄዎች ላይ ነው። በ2012 በአውሮፓ ምርምር ካውንስል ድጋፍ በጀመሩት ፕሮጀክት ዘጠኝ ተመራማሪዎች ወደ ዘጠኝ አካባቢዎች ሄደው እያንዳንዳቸው 15 ወር ኖሩ። ከለንደን ብዙም የማይርቅ የእንግሊዝ ገጠር ከተማ፣ በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ማርዲን፣ ደቡብ ጣሊያን፣ ትሪኒዳድ፣ ሰሜን ቺሊ፣ ብራዚል፣ በደቡብ ሕንድ ታሚል ናዱ፣ እንዲሁም በቻይና አንድ የገጠር ከተማና አንድ የፋብሪካ ከተማ ነበሩ። ውጤቱ ከ2016 ጀምሮ ማንም በነፃ እንዲያወርደው ተደርጎ ታትሟል።

አሥራ አምስት ወር ለምን አስፈለገ ለሚል ሰው መልሱ ቀላል ነው። መጠይቅ የተሰጠው ሰው የሚመልሰው ማድረግ አለብኝ ብሎ የሚያምነውን ነው። ልጆቼን በመጠኑ ነው የምፈቅድላቸው ይላል፤ ማታ ግን ሥራ ሲበዛበት ስልኩን ለትንሹ ልጅ አቀብሎ ዞር ይላል። ይህን ማየት የሚችለው እዚያ ቤት ደጋግሞ የገባ፣ ከቤተሰቡ ጋር የተቀመጠ፣ የቤቱ ሰዎች እንግዳነቱን የረሱት ተመራማሪ ነው። የሥራው ጥቅምም ድካምም ይኸው ነው። የሚያጠናው ጥቂት ሰዎችን ስለሆነ አገርን ሁሉ እወክላለሁ አይልም፤ ስለ እነዚያ ሰዎች የሚለው ግን ሥር ያለው ነው።

ከዚህ ፕሮጀክት ቀደም ብሎ ሚለር ከሚርካ ማዲያኑ ጋር የሠሩትና በ2012 የታተመው ጥናት ግን ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። ጥናቱ ልጆቻቸውን አገር ቤት ትተው እንግሊዝ ውስጥ በነርስነትና በቤት ሠራተኛነት የሚሠሩ የፊሊፒንስ እናቶችን የተመለከተ ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች እናቶቹን ለንደንና ካምብሪጅ ላይ አነጋገሩ፤ ከዚያም ፊሊፒንስ ድረስ ሄደው ልጆቹን ጠየቁ። አብዛኛው የስደት ጥናት የሚሰማው የሄደውን ሰው ነው፤ የቀረው ልጅ ምን እንደሚል ለብቻው ቁጭ አድርጎ የሚጠይቅ ብዙም የለም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እናትና ልጅ የሚገናኙት በደብዳቤና በካሴት ነበር። ልጁ ታሞ ሳለ የተጻፈው ደብዳቤ እናቱ እጅ ሲደርስ ልጁ ድኖ ጨዋታ ላይ ነው፤ እሷ ግን ያን ቀን ስታለቅስ ታድራለች። በካሴት የተቀዳ ድምፅ ደጋግሞ ይሰማል፣ ግን አይመልስም። ስልክ ነበረ፣ ዋጋው ግን እሳት ስለነበር ሰላምታውም ወቀሳውም በሩጫ ያልቅ ነበር። ከዚያ ሞባይል መጣ፣ ዋጋው ወረደ፣ ቀጥሎ ኢንተርኔትና ካሜራ ተከተሉ። አንዳንድ ቤተሰቦች ካሜራውን ከፍተው ለሰዓታት መተው ጀመሩ። ማንም ማንንም አያናግርም፤ እናት ወዲህ ሥራዋን ትሠራለች፣ ልጅ ወዲያ የቤት ሥራውን ይሠራል፣ አልፎ አልፎ ቀና ብለው ይተያያሉ። ጭውውት ማድረግ አይደለም፤ አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ መቀመጥን የሚመስል ነገር ነው።

ለብዙዎቹ እናቶች ይህ ትልቅ ነገር ነበር። የልጃቸውን ውጤት መጠየቅ፣ መቆጣት፣ ዛሬ ምን እንደበላ ማወቅ፣ በአጭሩ ከሩቅም ሆነው ማሳደግ እንደሚችሉ ተሰማቸው። ልጆቹ ዘንድ ግን ነገሩ እንዲህ አልጠራም። የተደሰቱ ነበሩ፤ ጥሪው ቁጥጥር ሆኖ የታያቸውም ነበሩ። እናታቸው ስትሄድ ትንንሽ የነበሩት፣ በየቀኑ የምትደውለውን ሴት ከእናትነት ጋር ማገናኘት ከብዷቸው ተገኙ። ግንኙነቱ ቀድሞውኑ ጥሩ ከነበረ ስልኩ አጠናከረው፤ ቀድሞ ከሻከረ ደግሞ መደወል ብቻውን አላለሰለሰውም፣ እንዲያውም ጠቡን በየቀኑ የሚነሳ አደረገው። ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን ሌላ ነው። በየቀኑ መገናኘት መቻሉ፣ እናት ወደ ቤቷ የምትመለስበትን ቀን ለመግፋት ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪዎቹ አስተውለዋል። ናፍቆቱን የሚያስታግሰው መሣሪያ መለያየቱን ያረዝመዋል። ይህን የሚያክል ነገር የትኛውም የሰዓት ቆጠራ ውስጥ አይታይም።

ማዲያኑና ሚለር ከዚህ ጥናት ያወጡት ሐሳብ ፖሊሚዲያ ይባላል። አሳቡ እንዲህ ነው። ቀድሞ ሰው ለምን ደብዳቤ ጻፍክ ተብሎ አይጠየቅም ነበር፤ ያለው እሱ ብቻ ነውና። ለምን አልደወልክም ቢባልም ውድ ነው ብሎ ይመልሳል፣ ሰሚውም ይረዳዋል። ዛሬ ግን ስልኩና ኢንተርኔቱ ላለው፣ አጠቃቀሙንም ለሚያውቅ ሰው፣ በጽሑፍ፣ በድምፅ መልእክት፣ በቪዲዮ፣ በኢሜይል ወይም በኢሞጂ መናገር በዋጋ ብዙም አይለያይም። ማመካኛ የሚሆን ወጪ የለም። ስለዚህ ሰው የመረጠው መንገድ ስለ ልቡ ይናገራል፤ ተቀባዩም ከመልእክቱ እኩል መንገዱን ያነባል።

ወንድምህ የአባትህን ሆስፒታል መግባት ደውሎ ሳይሆን ሃያ ሰው ባለበት ግሩፕ ውስጥ ጽፎ ቢያሳውቅህ፣ ከዜናው ባላነሰ አነጋገሩ ያምሃል። ገንዘብ የቸገራት እህት በቪዲዮ አትደውልም፤ እንቢ ለማለትም ጊዜ እንዲኖር፣ ፊት ለፊትም እንዳትተያዩ በጽሑፍ ትጠይቃለች። ከባሏ ጋር ተጣልታ ያደረች ልጅ እናቷ ስትደውልላት አታነሳም፤ ትንሽ ቆይታ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ደህና ነኝ ብላ ትጽፋለች። ድምፅ ያጋልጣላ! እናትም ትጠረጥራለች፤ ይህች ልጅ ስትጽፍልኝ ደህና አይደለችም ብላ መልሳ ትደውላለች። በመሀከላቸው የተላለፈው መልእክት ጥቂት ቃል ነው፤ የተነጋገሩት ግን ከዚያ ይበዛል። ሁለት ሰዓት ስልኩ ላይ ያፈጠጠ ሰው ከዚህች የሁለት ደቂቃ ልውውጥ ያነሰ ነገር ሊደርስበት ይችላል።

ሁለተኛው ትልቅ ሐሳብ የሰዎች ስብስብ መጠንን ይመለከታል። ከማኅበራዊ ሚዲያ በፊት የነበሩት መገናኛዎች ሁለት ጫፍ ላይ የቆሙ ነበሩ። በአንድ በኩል አንዱ ተናግሮ ሁሉም የሚሰማባቸው ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ጋዜጣ አሉ። በሌላ በኩል ሁለት ሰው ብቻ የሚነጋገርባቸው ስልክና ደብዳቤ አሉ። የሚለር ቡድን እንደሚለው አዲሱ ነገር በሁለቱ መካከል የነበረው ባዶ ቦታ መሞላቱ ነው። ሰው አሁን ለሦስት ሰው፣ ለሃያ ሰው፣ ለሁለት መቶ ሰው ወይም ለዓለም ሁሉ ብሎ ለክቶ ማውራት ይችላል፤ ከምስጢር እስከ አደባባይ ያለውንም ርቀት እንዲሁ ይለካል።

የቤተሰብ ግሩፖችን ማየት ብቻ ይበቃል። ሁሉም ያለበት፣ ሰላምታና ምርቃት የሚበዛበት ትልቁ ግሩፕ አለ። የእህትማማቾች ብቻ የሆነ አለ። ልጆች የአባታቸውን ሕክምና እሱ እንዳይሰማ የሚማከሩበት አለ። የእናትን ልደት በድንገት ለማክበር ተብሎ የተከፈተ፣ ልደቱ ካለፈ በኋላም ሳይዘጋ እናት የሌለችበት ዋና መጨዋወቻ ሆኖ የቀረ አለ። በአንዱ ግሩፕ ያለው ዝምታ በሌላው የጦፈ ወሬ አለ ማለት ነው። አንድ ሰው በስህተት የትንሹን ግሩፕ መልእክት ትልቁ ውስጥ ለቅቆ በድንጋጤ ሲያጠፋው፣ ያጠፋው እንደሆነ የሚገልጸው ጽሑፍ ግን እዚያው ተገትሮ ይቀራል፤ ምን ነበር የሚለው ጥያቄም ለሳምንት ያነጋግራል።

ሚለር ራሳቸው ባጠኑት የእንግሊዝ ከተማ ይህ ነገር ጎልቶ የወጣው በ2013 ነው። ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች ፌስቡክን እየተዉ ወደ ኢንስታግራም፣ ስናፕቻት፣ ትዊተርና ዋትስአፕ ይሄዱ ነበር። እንደ ሚለር አባባል ልጆቹን ያሸሻቸው የአዲሶቹ መድረኮች ብልጫ አልነበረም፤ እናት የጓደኝነት ጥያቄ መላኳ ነው። እንቢ ማለት አይቻል፣ እሺ ካሉ ደግሞ እናት ፊት መቀለድ አለ። ፌስቡክ የቤተሰብ ሳሎን ሆነና ልጆቹ ወጡ። ሚለር በወቅቱ ፌስቡክ ለእነዚህ ልጆች አብቅቶለታል ብለው በመጻፋቸው በመገናኛ ብዙኃን ብዙ ተተችተዋል። ኩባንያው አልሞተም፤ ልጆቹን በተመለከተ ግን የታያቸው ትክክል ነበር ባይ ነኝ። እዚያው ከተማ የሚኖሩት ትልልቅ ሰዎች በበኩላቸው ፌስቡክን ዘመድን ከመጠን በላይ ሳያቀርቡም ሳያርቁም ለመያዝ ይጠቀሙበት ነበር፤ ፎቶ ወደድኩ ይባላል፣ ሊጠያየቁ ግን አይገደዱም።

ሌላ ቦታ ነገሩ ሌላ ነው። ከዘጠኙ ተመራማሪዎች አንዷ ኤሊዛቤታ ኮስታ ባጠኗት ማርዲን ወጣቶች አንድ ሰው ሆነው ብዙ አካውንት ነበራቸው፤ አንዱ ለዘመድ፣ አንዱ ለጓደኛ፣ ሌላው ማንነት የማይታወቅበት። በአደባባይ የሚለጠፈው ጨዋና ጥንቃቄ የበዛበት ነው፤ በውስጥ መስመር ግን ፍቅር ይጀመራል። በምዕራቡ ዓለም ምሁራን ዘንድ ማኅበራዊ ሚዲያ እናትን፣ አለቃንና ጓደኛን በአንድ መድረክ ስለሚያገናኝ የተለያዩ ፊቶቻችን ይጋጫሉ የሚል እምነት ሰፍኖ ነበር። ኮስታ የማርዲንን ሰዎች አሳይተው ይህ የመሣሪያው ባሕርይ አይደለም፣ እንደ ተጠቃሚው ነው ብለው ተከራከሩ። በቻይናዋ የፋብሪካ ከተማ ደግሞ ሌላዋ ተመራማሪ ዢንዩዋን ዋንግ ያገኟቸው ወጣት ሠራተኞች ከገጠር የመጡ፣ ከብዙ ሰው ጋር ተጨናንቀው የሚኖሩ ነበሩ። ሌላው ዓለም ማኅበራዊ ሚዲያ የግል ሕይወትን ወሰደብን ሲል፣ እነሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የግል የሚሉት ቦታ ያገኙት ስልካቸው ውስጥ ነበር።

በ2021 የታተመው የሚለር ቡድን ቀጣይ ጥናት ትኩረቱን ወደ ጎልማሶችና አረጋውያን አዞረ። ከካምፓላ እስከ ሻንጋይ፣ ከደብሊን እስከ ያውንዴ ተመራማሪዎች ዳግም ገብተው ኖሩ። ከዚህ የወጣው ሐሳብ ስማርት ስልክን የምንጠቀምበት ዕቃ ብቻ አድርጎ ማየትን የሚቃወም ነው፤ ሰው የሚኖርበት ቤት ሆኗል ይላሉ። ቤት ከሆነ ደግሞ አጠገባችን የተቀመጠ ሰው በማንኛውም ደቂቃ ተነስቶ ቤቱ ሊገባ ይችላል። ማዕድ ላይ ስልኩን ያወጣ ልጅ ወንበሩ ላይ አለ፣ ግን ሄዷል። ይህ ማብራሪያ ወላጅ ለምን እንደሚቆጣ ከሱስ ወሬ በተሻለ ይገልጻል ብዬ አምናለሁ፤ ቁጣው ትተኸን ሄድክ የሚል ነው። ልጅም በተራው ስልኳን እያየች ለምትመልስለት እናት ያው ቁጣ አለው፤ እሱን ግን ብዙ ሰው አይሰማውም።

እዚህ ላይ ከሚለርና ከባልደረቦቻቸው የምለይበት ነገር አለ። ጥናታቸው ሰዎች ቴክኖሎጂውን እንደ ኑሯቸው ይቀርጹታል የሚለውን ያጎላል፤ ኩባንያዎቹ ሰዎቹን እንዴት እንደሚቀርጹ ግን አንሶ ይታያል። ዋትስአፕ መልእክት መነበቡን የሚያሳዩትን ሰማያዊ ምልክቶች ያመጣው በኖቬምበር 2014 ነው። ከዚያ በፊት አላየሁትም የሚል መልስ ነበረ፤ ከዚያ በኋላ አይታ ዝም አለችኝ የሚል ኩርፊያ ተወለደ። እስከ 2022 ድረስ ከአንድ ግሩፕ የወጣ ሰው መውጣቱ ለአባላቱ ሁሉ ይታይ ነበር፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ኩባንያው አስተዳዳሪዎቹ ብቻ እንዲያውቁ አድርጎ በጸጥታ መውጣት እንደሚፈቅድ አስታወቀ። የቤተሰብን ግሩፕ ለቅቆ መውጣት ዘመድ መካድ ይመስል የነበረበት ምክንያት አንድ ክፍሉ ያ ማስታወቂያ ነበር። ማንም ቤተሰብ ሳይጠየቅ የተጨመረና የተነሳ ቁልፍ፣ በሚሊዮን ቤቶች ውስጥ ማን ማንን እንደሚቀየም ይወስናል። ይህን ኃይል ቤት ለቤት በሚደረግ ጥናት ብቻ ማየት አይቻልም።

ዘመኑም ተለውጧል። የዘጠኙ ተመራማሪዎች የመስክ ሥራ ሲካሄድ ሰው የሚያየው በአብዛኛው የሚያውቃቸውን ሰዎች ነበር። አሁን ቲክቶክን የከፈተ ልጅ የሚያየው አልጎሪዝም (የመድረኩ የኮምፒውተር ስሌት) የመረጠለትን፣ የማያውቃቸውን ሰዎች ቪዲዮ ነው። እዚያ የሚለካ ስብስብ የለም፣ የሚከፋ እናትም የለችም። ስለዚህ ሁለቱን ነገሮች በአንድ ስም ማኅበራዊ ሚዲያ ብሎ መጥራት እያሳሳተን ነው። የአውስትራሊያ ሕግ ዋትስአፕን ትቶ ቲክቶክን መያዙ ለዚህ ልዩነት የቀረበ ይመስላል፤ ስናፕቻትን ሲይዝ ግን ልጆች በዋናነት ከሚያውቋቸው ጓደኞቻቸው ጋር የሚያወሩበትንም አብሮ ወሰደ። መስመሩ የተሰመረው በመድረኮች ስም ነው። በግንኙነት ዓይነት ቢሰመር ሌላ ቦታ ላይ ያርፍ ነበር።

ግንኙነትን መነሻ ያደረገ ሕግ መጻፍ እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ በፈረንሳይ አለ። በፌብሩዋሪ 2024 የወጣው ሕግ ስለ ልጆች ምስል የሚደነግግ ሲሆን፣ የሚመለከተው በአብዛኛው ወላጆችን ነው። የልጅን የግል ሕይወት መጠበቅ ከወላጅነት ሥልጣን ግዴታዎች መካከል አንዱ እንደሆነ በግልጽ አስገብቷል፤ ወላጆች ልጁን እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ በውሳኔው እንዲያሳትፉትም ይጠይቃል። አባትና እናት ካልተስማሙ ዳኛ አንደኛቸው ያለ ሌላኛቸው ፈቃድ የልጁን ምስል እንዳይለጥፉ ሊከለክል ይችላል። ሕጉ ስለ ሰዓት አንድም ቃል አይልም። የሚጠይቀው ማን የማንን ፎቶ፣ በማን ፈቃድ፣ ለማን እንደሚያሳይ ነው፤ ገና መናገር ያልጀመረ ሕፃን ፎቶው በሺህ ሰው ስልክ ውስጥ ሲዞር መልስ የሚያስፈልገውም ይኸው ጥያቄ ነው።